ከብዙ ሺህ ቅንጣት መሃል አንዷን መለየት እንጀራ ይሆናል?

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የፊዚክስ ማስተርስሽን ልትጨርሺ ነው፤ ልብሽ ያለው ከባድ አዮኖችን (ኤሌክትሮናቸው የተገፈፈ ከባድ አቶሞችን) የሚያጋጩ ሙከራዎች ላይ ነው። አማካሪሽ ግን «ዕድሜሽን ሙሉ ባክግራውንድ ስትቀንሺ ልትኖሪ ነው» አሉሽ፤ የምትፈልጊውን ምልክት የሚሸፍነውን ሌላ ዳታ ማለታቸው ነው። እናትሽ ደግሞ «ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይላሉ።

አማካሪሽ ያሉት እውነት ነው። ግን አያስፈራሽ። ሙያው ራሱ እሱ ነው።

ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለት የእርሳስ (የብረቱ፣ ሊድ) ኒውክሊየሶች ፊት ለፊት ሲላተሙ ብዙ ሺህ ቅንጣቶች ይረጫሉ። ከነዚህ ፋይ ሜዞን የሚባለውን ቅንጣት ፈለግሽ እንበል። እሱ ራሱ አይታይም። ወዲያው ይፈርስና ብዙ ጊዜ በቦታው ካኦን የሚባሉ ሁለት ቅንጣቶችን፣ አንድ ፖዘቲቭና አንድ ኔጋቲቭ፣ ይተካል። አንቺ ካኦኖቹን ሁሉ እያጣመርሽ የወላጃቸውን ማስ ታሰያለሽ። አብዛኞቹ ጥንዶች ግን ዝምድና የላቸውም። ምን ይሻላል? ፖዘቲቩን ከአንድ ግጭት፣ ኔጋቲቩን ከሌላ ግጭት ትወስጃለሽ። እነዚህ በምንም ተአምር የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ አይችሉም። የእነሱ ግራፍ የባክግራውንዱን መልክ ያሳይሻል። ስትቀንሺው 1.02 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ማስ መለኪያ ነው) አካባቢ አንዲት ጉብታ ብቅ ትላለች። ያቺን ጉብታ በገዛ እጅሽ ያወጣሽ ቀን እንቅልፍ አይወስድሽም።

ተጠንቀቂ ግን። የምትቀላቅያቸው ግጭቶች መመሳሰል አለባቸው። መሃል ለመሃል የተላተሙትን ጠርዝ ለጠርዝ ከተነካኩት ጋር ከቀላቀልሽ የባክግራውንዱ መልክ ይዛባል፤ የሌለ ነገር ልታዪም ትችያለሽ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ምሳሌ አሜሪካ በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ያለው ስታር የተባለ የሙከራ ቡድን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሩቴኒየምን ከሩቴኒየም፣ ዚርኮኒየምን ከዚርኮኒየም ጋር ለየብቻ አጋጩ። ሁለቱም 96 ኑክሊዮን (ፕሮቶንና ኒውትሮን በድምሩ) አላቸው፤ ፕሮቶናቸው ግን 44 እና 40 ነው። ባክግራውንዱ ተቀራራቢ ይሆናል፣ በማግኔቲክ ፊልድ የሚመጣው ምልክት ግን ፕሮቶኑ በሚበዛው በሩቴኒየም ይበልጣል ብለው ነበር። ምን ቢታይ «አገኘን» እንደሚሉ ቀድመው ወሰኑ። አምስት ቡድኖች የትኛው ዳታ የየትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ተነተኑት። በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲገለጥ የጠበቁት ምልክት አልተገኘም። ባክግራውንዱም እንዳሰቡት እኩል አልነበረም። ይህንኑ በግልጽ አሳተሙ። እኔ ላንቺ የምመኘው ይህን ዓይነት ጨዋነት ነው።

አሁኑኑ ጀምሪ። የሰርን ክፍት ዳታ ነፃ ነው፤ የእርሳስ ግጭትም አለበት። ሩት (ROOT) የሚባለው የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌርም በነፃ ይወርዳል። የፓይተን ፕሮግራሚንግሽን አጠንክሪ፣ ሲ ፕላስ ፕላስም ልመጂ። አንድ ትንሽ ትንተና ሥሪና ባክግራውንዱን በሁለት መንገድ ገምቺ። ለምን እንደተለያዩ በአንድ ገጽ ጻፊ። ለሰርን የክረምት ተማሪዎች ፕሮግራም ወይም ለአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤት ስታመለክቺ ከውጤትሽ ቀጥሎ የሚናገርልሽ ያ ገጽ ነው።

ስለ እንጀራው አልዋሽሽም፤ ቋሚ የምርምር ቦታ ጥቂት ነው። ግን ከሚሊዮን ጤነኛ የባንክ ዝውውር መሃል አንዱን የማጭበርበር ዝውውር የሚፈልግ ሰውም ያው ይህንኑ ነው የሚሠራው። ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው። ገጹን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ማመልከቻሽን አብረን እናየዋለን።