ቤለሩን ከመግዛትዎ በፊት ሲባጎውን ያቀያይሩ

ጥያቄ፦ አዳማ ዙሪያ ጥቂት የወተት ላሞች አሉኝ። ጭድና ድርቆሽ እየገዛሁ መቀለብ አቅቶኛል። ያገለገለ ቤለር፣ ማለትም ጭድ አምቆ በሲባጎ የሚያስር ማሽን አገኘሁ፤ አራት ማዕዘን ቤል (የጭድ እስር) የሚያወጣው ዓይነት ነው። ክረምቱን ደጅ ቆሞ ከርሟል፣ አሁን ቀለም ተቀብቷል። ሲሠራ አይቼዋለሁ። አንዳንዱ ቤል ብቻ በአንድ በኩል ይፈታል። ሻጩ «ሲባጎው ጥራት ስለሌለው ነው» ብሎኛል። ልግዛው?

መልስ፦ ገና አይክፈሉ። የሚፈታው ሁሌም በዚያው ጎን ከሆነ፣ ሲባጎው ነው ብዬ አላምንም። ደጅ የከረመ ማሽን ላይ በብዛት የሚበላሸው ቋጣሪው ነው። ሲባጎውን ጠምዝዞ የሚቋጥረው እንደ ወፍ ምንቃር ያለው ብረት ይዝጋል፤ ቋጠሮው በቀላሉ አይለቅም፣ ይበጠሳል። የሲባጎው መቁረጫ ቢላም ይደነዝዛል።

ማረጋገጫው ምንም አያስወጣዎትም። ሻጩን የአምና ጭድ አቅርቦ፣ ፒቲኦው (ከትራክተሩ ኃይል ወስዶ ማሽኑን የሚያዞረው ዘንግ) በደቂቃ 540 ዙር እየዞረ፣ ደርዘን የሚሆን ቤል እንዲያስር ይጠይቁት። የሚፈታውን ጎን ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ማሽኑ ይቁም፤ የግራውን የሲባጎ ጥቅልል ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ያዛውሩና እንደገና ያሳስሩ። ችግሩ ከጥቅልሉ ጋር ከዞረ ሻጩ እውነቱን ነው። እዚያው ጎን ከቀረ ጥፋቱ በአብዛኛው የቋጣሪው ነው።

ያኔም ተስፋ አይቁረጡ። ትራክተሩ ይጥፋ፣ ፒቲኦው ይነቀል። የተጠራቀመውን አቧራና የሲባጎ ቁርጥራጭ ጠርገው ያውጡ። ምንቃሩን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ያሹት፤ ቀለም ነክቶት ከሆነም ያልቅቁት። ቢላውን ይሳሉ። ከዚያ እንደገና ያሳስሩ። ብዙ ጊዜ በዚህ ይድናል። ካልዳነ ግን ምንቃሩ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የመለዋወጫውንና የመካኒኩን ዋጋ ጠይቀው ከሻጩ ዋጋ ላይ ያስቀንሱ። መለዋወጫው የማይገኝ ከሆነ ይተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ በየመንደሩ እያየሁ ያሳዝነኛል። ፍላይዊል በሚባለው ከባድ መዘውር ላይ፣ ጫና ሲበዛ እንዲበጠስ ተብሎ የተሠራ ቡሎን አለ። በተበጠሰ ቁጥር መቀየሩ ሲሰለቻቸው በጠንካራ ቡሎን ወይም በፌሮ ይተኩታል። እባካችሁ ይህን ተዉ! ያ ቡሎን ካልተበጠሰ የሚሰበረው ሲባጎውን ወደ ቋጣሪው የሚያደርሰው መርፌ ወይም የማርሽ ሳጥኑ ነው። ስለዚህ ቡሎኑን አስፈትተው ይዩት። ፌሮ ካገኙ መርፌዎቹ ላይ የብየዳ ምልክት ይፈልጉ፤ ከቀለሙ ሥር ስለሚደበቅ በጣትዎ ይዳብሱት።

ጭድ የሚያነሱት ጥርሶች ቢጎድሉ፣ ጎማውም ቢያረጅ አያስጨንቅም፤ ይተካል። ፍተሻውን ግን ኅዳር ሳይገባ ይጨርሱ። ኮምባይነር ማሳ ከገባ በኋላ ቤለር ፈላጊው ስለሚበዛ ሻጩ ዋጋ አይቀንስልዎትም።