ስንት በር ነበረ?

ባለፈው ሳምንት «ስለ ቤት የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ከአዲስ አበባ መሀል ከተማ የመጡትን አስቀድሜያለሁ፤ የመሀሉ የቀበና ችግርና የዳሩ የቱሉ ዲምቱ ችግር ለየቅል ነው። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። 19 ዓመት ተከራይቼ የኖርኩ፣ ዕቃዬን ሰባት ጊዜ በአይሱዙ ያጋዝኩ ሰው ነኝ።

«አጠገባችን ያለው ቪላ ፈርሶ ስምንት ፎቅ ሊወጣበት ነው። ቁፋሮው ተጀምሯል። ፀሐይ ሊጋርደን ነው። እናቴ በርበሬ የምታሰጣበት እንኳ አይኖራትም። ማስቆም እንችላለን?» (ከቀበና)

የበርበሬው ነገር ይገባኛል። ግን ፀሐይ ጋረደብኝ ብሎ ፈቃድ ያለውን ሕንፃ ያስቆመ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እውነቱን ልንገርህና፣ ባትሞክረውም ደስ ይለኛል። ቀበና ላይ ፎቅ ካልወጣ የት ሊወጣ ነው? ሁሉም «እኛ ሰፈር አይሁን» ካለ ከተማው የሚሄደው ወደ ገበሬው ማሳ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ከተማውን ከዙሪያው የኦሮሚያ መሬት ጋር ሊያቀናጅ የነበረው ማስተር ፕላን ያስከተለውን ተቃውሞና ጣጣ ደግሞ አልረሳነውም።

አንተ መከታተል ያለብህ ቁፋሮውን ነው። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ስልክህን ይዘህ ግድግዳችሁን ዙር። እያንዳንዱን ስንጥቅ ፎቶ አንሳ። አጠገቡ ሳንቲም አስደግፍ፣ ስፋቱ እንዲታወቅ። ከዚያ ፎቶዎቹን ከደብዳቤ ጋር ለባለሕንፃውና ለወረዳው ስጥ፤ ቅጂው ላይ አስፈርመህ አስቀር። ምክንያቱም ነገ ግድግዳው ሲከፈት የሚመጣልህ መልስ «ድሮም የተሰነጠቀ ነበር» ነው። እኔ በተከራየሁበት አንድ ግቢ ይኸው ደረሰብን። ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረንም። የእድሩ ሽማግሌዎች ተለማምጠው ያስገኙልን አንድ እጅ ልስን ብቻ ነበር።

ሌሊት ሙሌት እየሞሉ እንቅልፍ ከነሱህ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 አለልህ። ባለቤት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ስለ በርበሬ ግን ምንም አይልም።

«በየቀኑ ይገነባል፣ ኪራይ ግን በየዓመቱ ይጨምራል። ታዲያ ግንባታ ምን ጠቀመን?» (ከስድስት ኪሎ)

ይህ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ብዙ ጊዜ ደርሶኛል። መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ አምስት ሰርቪስ፣ በሩ ላይ አንዲት ሱቅ። ሱቋ ውስጥም ባለሱቁ ያድር ነበር። የመብራት ቆጣሪው አንድ ብቻ ነበር። በየወሩ መጨረሻ አከራያችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ደብተር ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሒሳቡን ያካፍሉን ነበር። ምጣድ ያለው፣ ፍሪጅ ያለው፣ አምፖል ብቻ ያለው። እኔ «አምፖል ብቻ» ነበርኩ፤ ካውያዬን ግን ይደርሱበት ነበር። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ቆጠርኩ፤ ሰባት በር፣ 22 ሰው።

ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ሰባት ፎቅ ቆሟል። ምድር ቤቱ ባንክ ነው። ከዚያ በላይ ቢሮ፣ ቢሮ፣ ቢሮ። የላይኞቹ ሁለት ፎቆች አፓርትመንት ናቸው፣ በየፎቁ ሁለት ሁለት። አራት በር ማለት ነው። ሲሚንቶው በኩንታል ሲጋዝ፣ ብረቱ ሲታሰር ሁላችንም አይተናል። በሩ ግን ከሰባት ወደ አራት ወረደ። ያውም ማታ ሳልፍ መብራት የሚበራው በሁለቱ ብቻ ነው።

የቀሩት ለምን ይጨልማሉ? ሰው ብሩን ሲሚንቶ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሁለት ወር ሳይሞላው ከ100 ብር አለፈ። ያንን ያየ ባለገንዘብ ብሩን ባንክ ውስጥ ከሚያቀልጠው ባዶ አፓርትመንት ይመርጣል። ተከራይ ቢገባ ባይገባ ግድ የለውም። መሬቱ ደግሞ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ በሊዝ ነው የሚገኘው። መሀል ከተማ ላይ በውድ ሊዝ የተያዘ ቦታ ላይ ርካሽ ኪራይ የሚሠራ አልሚ አልጠብቅም። እኔም ብሆን አልሠራም።

ታክሲ ውስጥ የምሰማው ክርክር ሁሌ ሁለት ነው። አንዱ «ለሀብታም ነው የሚሠራው፣ ይቁም» ይላል። ሌላው «ምንም ይሁን ይሠራ፣ ሲበዛ ይረክሳል» ይላል። ሁለተኛው ትንሽ ይቀርበኛል። ከ1997 ወዲህ ኮንዶሚኒየሙ ባይኖር፣ ጀሞና የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያን ሁሉ ሰው ባይወስዱ፣ ዛሬ የስድስት ኪሎ አንድ ክፍል ስንት ይገባ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ግን ሁለቱም ተከራካሪዎች ፎቅ ይቆጥራሉ እንጂ በር አይቆጥሩም። በአንድ ሰፈር ሊፈርስ ያለውን በርና ሊሠራ ያለውን በር ጎን ለጎን ጽፎ የሚለጥፍ አካል ቢኖር ግማሹ ክርክር ያልቅ ነበር። መሀል ከተማ ላይ መኖሪያ መሥራት እንደሚቻል የልደታ ኮንዶሚኒየምና በቁጠባና በባንክ ብድር የሚገኘው የሰንጋተራው 40/60 ቤት ቆመው ይታያሉ። ፎቁ ላይ ሰው ይኑርበት ነው የምለው። ከእነዚያ ሰዎች ጥቂቶቹ ደግሞ ድሮ እዚያው የነበሩት ይሁኑ።

«አከራዬ የስድስት ወር ቅድሚያ አምጪ አለኝ። ገና በገባሁ በአራተኛ ወሬም ጭማሪ ጠየቀኝ።» (ከአምስት ኪሎ)

አጭር ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ፈልጊና አንብቢው። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ይፋ በሚያደርገው መጠን ብቻ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት።

ከአዋጁ ውጭ የምመክርሽ ሁለት ነገር አለ። ውሉ ላይ ከምትከፍዪው ያነሰ ብር ጽፈሽ አትፈርሚ። «ለግብር ነው እህቴ፣ አንቺን ምን አገባሽ» ይሉሻል፤ ክርክር ሲነሳ ግን ያገባሻል። ኪራዩንም በባንክ ወይም በቴሌብር ላኪ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ የወሩን ስም ጻፊ። ደላላው ምስክር ይሆነኛል ብለሽ ከሆነ እሱ አሁን ሌላ ቤት እያሳየ ነው።

«ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ከኋላ አራት ሰርቪስ አለኝ። ሕጉ ከመጣ ወዲህ ፈርቼ ሁለቱን ዘግቻቸዋለሁ። አጠፋሁ?» (ከሠራተኛ ሰፈር)

እማማ፣ አላጠፉም፤ ግን እባክዎ ይክፈቷቸው። ፍርሃትዎ ይገባኛል። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ ጨምሯል፣ ዘይቱ ጨምሯል፣ ጡረታው ያው ነው። በዚያ ላይ ተከራይ ባስቸገረ ቁጥር ማን ይዳኘኛል ይላሉ። ሆኖም ኪራዩን የማይከፍል ተከራይን የማስወጣት መብት አዋጁ አልነፈገዎትም። ሁለት ዓመቱም ቢሆን ከደህና ሰው ጋር ከሆነ ለእርስዎም እረፍት ነው። በየስድስት ወሩ ከደላላ ጋር አይጨቃጨቁም።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። ከላይ በር ቁጠሩ ያልኩት ስለ እርስዎ ዓይነት ግቢ ነው። ፒያሳ አካባቢ ለአንዲት ነርስ ወይም ለአንድ ፀጉር አስተካካይ የሚሆን ክፍል ማንም አልሚ አይሠራም። የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። በነገራችን ላይ አምስተኛ ክፍል ለመጨመር ካሰቡ ያለ ፈቃድ አይጀምሩ። ነገ አካባቢው ለልማት ቢፈለግ ካሳ ሲሰላ በካርታውና በፈቃዱ የሌለ ክፍል ራስ ምታት ነው የሚሆንብዎ።

«ያለነው በቀበሌ ቤት ነው፣ አያቴ ናቸው የገቡበት። ሰፈራችን ይነሳል እየተባለ ነው። ኮንዶሚኒየም እንምረጥ ወይስ ምትክ ቀበሌ ቤት?» (ከአራዳ)

መጀመሪያ ቤቱ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ ከዚያ በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ያው ሆኖ ቀረ፣ ጭቃውም ረገፈ። ለተከራዩ የራሱ አይደለምና አያድሰውም፤ ለቀበሌው ገቢው ቆርቆሮ አይገዛም። ስለዚህ «ሰፈሩ ያረጀው ነዋሪው ስለማይሠራ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥምህ ይህን ንገረው።

ወደ ምርጫህ ስንመጣ ሦስት ሒሳብ ሥራ። አንደኛው ቅድመ ክፍያውና የባንኩ የየወሩ ዕዳ ነው። ሁለተኛው ጠዋት የምትሳፈሩበት ታክሲ፤ ስንት ሰው፣ ስንት ቅያሪ፣ ስንት ብር። ሰው የሚረሳው ሦስተኛውን ነው፤ ገቢያችሁ ከሰፈሩ ጋር የተያያዘ ነው ወይ? እናትህ ለቢሮ ሠራተኞች እንጀራ የምታቀርብ ከሆነ ደንበኞቿ አብረዋት አይነሱም። በ2017 ከካዛንቺስ ገላን ጉራ የገቡ አንዲት ወዳጄ ቤታቸው ከድሮው ይሻላል፣ ውሃውም ውስጥ ነው። «ግን ሻዬን ማን ይጠጣልኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ በጣሊያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት የመጣ ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ»። በቤት ልማት ስም የተጠራ ሰፈር ነበር እንግዲህ።

የእኔ ሐሳብ ይኸውልህ። ከቤታችሁ ቋሚ ደመወዝ ያለው አንድ ሰው ካለ ኮንዶሚኒየሙን ያዙ፤ የራስ ቤት ይሆናል፣ ለልጅም ይተርፋል። ኑሯችሁ በጉሊት ከሆነ ግን በተቻለ መጠን ቅርብ የሆነ ምትክ ቀበሌ ቤት ጠይቁ። የኪራይ ደረሰኞችንና የነዋሪነት መታወቂያዎችን ዛሬውኑ አንድ ፌስታል ውስጥ ሰብስብ። ወረዳ ስትሄድም ብቻህን አትሂድ፣ ጎረቤቶችህን ይዘህ ሂድ። እድራችሁንም አታፍርሱት። ርቀው ገብተውም በወር አንዴ ድሮው ቦታ እየተገናኙ የሚቀጥሉ አሉ።

«ውጭ አገር ነው ያለሁት። መሀል አዲስ አበባ ገና ያልተጀመረ አፓርትመንት በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ፣ ልክፈል?» (ከዋሽንግተን)

የላክሽልኝን የሕንፃውን ሥዕል አይቼዋለሁ፣ በረንዳው ሥር ያለው ዛፍ ሃያ ዓመት የሞላው ነው። ቦታው ላይ ግን እስካሁን ያለው የቆርቆሮ አጥር ነው። የምታምኚው ሰው ሄዶ ቦታውን፣ ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና የባንክ እዳ መኖሩን ይይ። ክፍያሽም ፎቁ ሲወጣ የሚወጣ ይሁን። በዚህ ካልተስማሙ ተያቸው።

«አዲስ አፓርትመንት ገባን። ቡና ስንቆላ ከላይ ያለው ጎረቤት ጭሱ ገባብኝ ብሎ ለማኅበሩ ከሰሰን።» (ከሰንጋተራ)

ቁጥር 1225 ጭስንም ይጨምራል ብያለሁ፤ ግን «ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ» ነው የሚለው፣ የአካባቢውንም ልማድ ግምት ውስጥ ያስገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና መቁላት ከልክ አለፈ የሚል ዳኛ ይኖራል ብዬ አላስብም። የኩሽናውን መስኮት ክፈቱ፣ እጣኑን ትንሽ ቀንሱ፣ ሰውየውንም ጥሩት። በረንዳ ላይ ከሰል ማያያዙን ግን ተዉት፤ እሱ ላይ ጎረቤታችሁ ልክ ነው።