ጋኑ ስንት ክንድ ስር ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የባለቤቴ አባት የመንዝ ሰው ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ አያታቸው አንድ ጋን ሙሉ ጠገራ ብር ከበረቱ ጀርባ ቀብረው ቦታውን ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ ይላሉ። መስከረም ላይ አብረን አገር ቤት ስለምንሄድ የተቀበረ ብረታ ብረት የሚፈልግ ማሽን፣ ዲቴክተር፣ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ “እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት” ይላል። የሸጠልኝ ሰው ደግሞ 900 ዶላር ብጨምር 5 ሜትር ድረስ የሚያይ ባለ አንቴና እንዳለው ነገረኝ። ልጨምር ወይስ ያለኝ ይበቃል?
አማቹ ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አማቹ፣ ጋሼ ካልከኝ እኔም አንተ ልበልህ። በመጀመሪያ 900 ዶላርህን አትንካት። ለማንም ያልተናገሩትን አማትህ በምን አወቁ ብዬም አልጠይቅም፤ የኛ አገር ጋን ሁሉ እንዲህ ነው፣ ቀባሪው ሳይናገር ይሞታል፣ መንደሩ ግን ያውቃል።

በእጅ ይዘውት አንቴናው ወደ ወርቅና ብር ዞሮ ይጠቁማል የሚባለው ዕቃ ማሽን አይደለም። ውስጡን ከፍቼ ያየሁት አንዱ ባትሪና መብራት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም። አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ዘንግ የቦምብ መፈለጊያ ነው ብሎ ለኢራቅ ሲሸጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2013 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የዕቃው መነሻ የጠፋ የጎልፍ ኳስ ያገኛል ተብሎ የሚሸጥ መጫወቻ ነበር። ስለዚህ 5 ሜትሩን እዚህ ላይ እንተወው።

ወደ 60ው እንምጣ። እሱስ ውሸት አይደለም፤ ግን የምን 60? የብረት ድስት ከሆነ ያገኘዋል። አንድ ነጠላ ሳንቲም ከሆነ ግን አያገኘውም። ይህን የምልህ ካርቶን አንብቤ ሳይሆን ባለፈው ሚያዝያ ግቢዬን ቆፋፍሬ ነው። (ለኛ ሰው ገንዘቡም መለኪያውም “ሳንቲም” ስለሆነ፣ “ሳንቲሙን 20 ሳንቲም ቀበርኩት” ስል ባለቤቴ 20 ብር እንኳን አይሞላም ብላ ስቃብኛለች።)

የኔ ማሽን ዋጋው መካከለኛ ነው፤ ከታች ያለው ክብ ነገር፣ ኮይሉ፣ ስፋቱ 28 ሳንቲ ሜትር። የመጀመሪያው ቀን ፈተና ሙሉ በሙሉ ከንቱ ሆነ። ኳርተርና ዳይም (የአሜሪካን 25 እና 10 ሳንቲም) በተለያየ ጥልቀት ቀብሬ፣ እንዳይጠፉብኝ በየጉድጓዱ ላይ ጋዝና ውሃ የሚዘረጉ ሰዎች መሬት ላይ የሚሰኳትን ትንሽ ባንዲራ ሰካሁ። ማሽኑ ሁሉም ቦታ ላይ ሲጮህ ዋለ። 35 ላይ የቀበርኩት ዳይም እንኳን ጮኸ! ደስ ብሎኝ ቁጥሩን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ማታ የልጅ ልጄ ባንዲራዋን ነቅሎ እያጣጠፈ ሲጫወት አየሁት፤ እንጨቷ እንጨት አይደለችም፣ የብረት ሽቦ ናት። ቀኑን ሙሉ ስፈትን የዋልኩት ባንዲራ ነበር። 40 ዓመት ሬድዮና ቴሌቪዥን የጠገነ ሰው!

ሁለተኛው ጣጣ አፈሩ ራሱ ነው። ቆፍረህ ቀብረህ ስትመልሰው አፈሩ ልቅ ይሆናል፣ እንደ ድሮው አይደለም። 90 ዓመት የተቀመጠ ሳንቲም ያለው ግን ባልተነካ አፈር ውስጥ ነው። መላው የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበትን ዓይነት ቱቦ ከጎን በኩል፣ በ45 ዲግሪ አጋድመህ መሬት ውስጥ ታስገባለህ። ሳንቲሙን በቀጭን የእንጨት ዘንግ ጫፍ ላይ በማጣበቂያ ታጣብቃለህ፣ ተኝቶ ወደ ላይ እንዲያይ አድርገህ። ዘንጉ ላይ በየ7 ሳንቲ ሜትሩ መስመር አድርግ፤ ባጋደልከው ልክ እያንዳንዷ መስመር 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ትሆናለች። ከላይ ያለው ሳር አልተነካም፣ አንተ ዘንጉን ታስገባለህ፣ ታወጣለህ። ሳንቲም ለመቀየር ደቂቃም አይፈጅ።

ከዚያ ደግሞ ጆሮህን ፈትን። ጆሮ የሚፈልገውን ነው የሚሰማው። የልጅ ልጄን ቱቦው አጠገብ አስቀምጬ፣ አንዳንዴ ሳንቲም ያለበትን ዘንግ፣ አንዳንዴ ባዶውን እንዲያስገባ ነገርኩት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ከቆየሁ በኋላ ዞሬ እፈትሻለሁ፣ “አለ” ወይም “የለም” እላለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ኳርተሩ 20 ላይ ሲሆን ከ10 አንድ ጊዜ እንኳን አልተሳሳትኩም። 25 ላይ አንዴ ተሳሳትኩ። 30 ላይ ከ10 አራቱን ስቻለሁ፤ ይኸ ከግምት አይሻልም። ብቻዬን ብሆን ኖሮ 30 ላይ “በደንብ ይሰማል” ብዬ እጽፍልህ ነበር።

አሁን ቁጥሮቹን ላምጣ። አየር ላይ፣ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሳንቲሙን ከፊቱ ሳወዛውዝ፣ ኳርተር በ33 ይሰማል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ግቢዬ አሸዋማ ስለሆነ እዚያ ብዙም አላጣሁም፣ 25 ደረስኩ፤ ዳይም 20። ሳንቲሙን አንስቼ በጠርዙ ሳቆመው ግን ኳርተሩ 15 ላይ ጠፋኝ። ሰው የጣለው ሳንቲም ሁሉ ተኝቶ እንዲጠብቅህ ማንም አላዘዘውም።

ጠገራውንም ፈትኜልሃለሁ። ባለቤቴ ከእናቷ የወረሰችው ማንጠልጠያ የተበየደለት አንድ አላት፤ መሬት ውስጥ አታስገባውም ብላ እምቢ አለች፣ በኋላ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እሷም ከጎኔ ቆማ፣ በቱቦው ገባ። 28 ግራም የሚመዝን፣ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ብር ነው፤ አፉን ሞልቶ ይጮሃል። 33 ላይ እርግጠኛ ነበርኩ። እግረ መንገዴን፣ አማትህ ቤት ጠገራ ካለና 1780 የሚል ካየህ፣ ያ ዓመት የተቀበረበትን ዘመን አይነግርህም። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የተመታውም ብር ሁሉ ይኸንኑ ቁጥር ነው የያዘው።

ታዲያ ጥልቀቱ ለምን ጨምሮ ጨምሮ አይሄድም? ማሽኑ ሳንቲሙን አያየውም፣ ይጠራዋል። ኮይሉ የሚለዋወጥ መግነጢስ ወደ ታች ይልካል፣ ያ መግነጢስ በሳንቲሙ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያዞራል፣ ሳንቲሙም የራሱን ደካማ መግነጢስ ይመልሳል፤ ልክ እንደ ገደል ማሚቶ። ሲወርድም ሲመለስም እየደከመ ነው። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ድምፅ በግማሽ ሳይሆን በ64 ያንሳል። 10 ላይ ጆሮ የሚበጥስ ዳይም 20 ላይ የሚያንሾካሹከው ለዚህ ነው። ይኸው ሒሳብ ወደ ኋላም ይሠራል፦ የማሽኑን ኃይል እጥፍ የሚያደርግ ሰው ቢኖር የሚያተርፈው ጥልቀት ከመቶ 12 ገደማ ብቻ ነው። 20 የነበረው 22 ተኩል ቢሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የማስታወቂያ ወሬ ነው።

ያንተን መንዝ የሚመለከተው ግን የሚቀጥለው ነው። ከከተማ ወጥቼ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ነድቼ፣ ካልፔፐር ያለ ወዳጄ ማሳ ሄድኩ። የዚያ አገር አፈር ቀይ ነው፣ ብረት የበዛበት፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ዲቴክተር የሚይዝ ሰው ሁሉ ስሙን ሲሰማ ይሸሻል። እጄ ላይ ሳሸው የልጅነቴን የጅማ መንገድ አስታወሰኝ። ያው ማሽን፣ ያው ቱቦ፣ ያው ሳንቲም። ኳርተሩ ከ25 ወደ 15 ወረደ። ዳይም 12 ላይ አለቀ። ጠገራውን በ22 አጣሁት። ይባስ ብሎ የተገኘው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ የሚጠቁመው፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ጥልቀት ሲጨምር ተንሸራተተ፤ 15 ላይ ያለውን ኳርተር ማሽኑ “ብረት ነው፣ ሚስማር ነው” ይለኝ ጀመር። እውነት ብሎ ያመነ ሰው ትቶት ያልፋል።

የኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው ባዛልት ነው፣ ያ ጥቁር ድንጋይ። ውስጡ ብረት አለበት፤ ድንጋዩም አፈሩም ማሽኑን ያናግሩታል። ስለዚህ ማሽንህን እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ ከመሬቱ ጋር አስማማው፦ ምንም ብረት የሌለበት ቦታ ላይ ኮይሉን ከመሬት ወደ ላይ፣ ወደ ታች እያደረግህ ድምፁ እስኪረጋ ጠብቅ። ቦታ ስትቀይር ድገመው። ካልፔፐር ላይ ይህን ሳላደርግ ያሳለፍኩት ግማሽ ሰዓት ባዶ ጩኸት ነበር።

አሁን ጋንህ። እስካሁን ያልኩህ ለነጠላ ሳንቲም ነው፣ ነጠላው በቀይ አፈር ከስንዝር አያልፍም። ጋን ግን ሌላ ነው። 300 ጠገራ ቢኖርበት ከ8 ኪሎ በላይ ብር ነው፣ አንድ ላይ የተከማቸ። ይህንንም ሞከርኩት፤ 20 ዶላር በፔኒ ዘርዝሬ፣ 2,000 ፍሬ፣ የአበባ መትከያ ሸክላ ውስጥ ሞልቼ ካልፔፐር ላይ ቀበርኩት። ሸክላው ለማሽኑ ምንም አይደለም። 40 ላይ በግልጽ ጮኸ። 50 ላይ እየተቆራረጠ ተሰማ፣ 60 ላይ የሰማሁ መሰለኝ፤ የልጅ ልጄ ደብተር ግን አልሰማህም ይላል። እንግዲህ ከአንድ ክንድ በላይ የተቀበረ ጋን በዚህ ማሽን አይገኝም። አያትየው ጣሊያን እንዳያገኘው የቀበሩ ሰው ከሆኑ ስንት ክንድ እንደቆፈሩ አማትህን ጠይቅ። ገንዘብ ማውጣት ካማረህ አንቴናውን ትተህ ለያዝከው ማሽን ሰፋ ያለ ኮይል ፈልግ፤ ትንሿን ሳንቲም ያስትሃል፣ ጋኑን ግን ትንሽ ጠለቅ ብሎ ያገኘዋል።

ካገኘህስ? እ.ኤ.አ. በ2010 ዴቭ ክሪስፕ የሚባል እንግሊዛዊ ፍሮም የምትባል የእንግሊዝ ከተማ አጠገብ ባለ ማሳ ላይ ማሽኑ ጮኸለትና 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲቆፍር የሸክላ አፍ ታየው። እጁን ሰብስቦ አርኪዎሎጂስቶችን ጠራ። ማሰሮው ውስጥ 52,503 የሮማ ሳንቲም ነበር፤ ሰውየው ስላልነካካው የትኛው ሳንቲም ከየትኛው በፊት እንደገባ ሳይቀር ተጠንቷል። የኛም ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው እንዳለ ጠብቆ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ያንተ ጋን ቅርስ ነው ወይስ የአማትህ ውርስ? ይህን የምንወስነው እኔና አንተ አይደለንም፤ ማሽኑን ሻንጣ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ለሚመለከተው ጠይቅ። ደግሞ ጦርነት ያለፈበት ቦታ ላይ የሚጮህ ነገር ሁሉ ብር አይደለም። ያልፈነዳ ነገርም ይጮሃል። የአገሬው ሰው “እዚያ አትሂድ” ካለህ አትሂድ።

ጥያቄ፦ ባለፈው እሁድ ጓሮዬ ጎመን ስተክል የጋብቻ ቀለበቴ ጠፋ። ከጎረቤት ዲቴክተር ተዋስኩ። የቆርቆሮ መክፈቻ ቀለበት ብቻ ነው የሚያወጣልኝ። ሌላ ማሽን ልከራይ?
ከአናንዴል

መልስ፦ እህቴ፣ ያው ማሽን ይበቃሻል። የእሁድ ቀለበት አልጠለቀም፣ ስለ ጥልቀት አታስቢ። ችግሩ ትንሽ የወርቅ ቀለበት፣ ኒክል (5 ሳንቲሙ) እና የቆርቆሮ መክፈቻ ለማሽኑ አንድ ዓይነት ድምፅ መሆናቸው ነው። መክፈቻውን ዝለል ብለሽ ካዘዝሽው ቀለበትሽንም ይዘልለዋል። ስለዚህ ማጣሪያውን አጥፊና የጮኸውን ሁሉ አውጪ፣ ሌላ መንገድ የለም። የቲማቲም መደገፊያ ሽቦ ካለ ንቀይና ከጓሮው አርቂው፣ ኮይሉን ከአፈሩ ሳትለዪ በመስመር በመስመር፣ እንደ ሰው አረማመድ ቀስ ብለሽ ሂጂ። ከዚያ በፊት ግን የእጅ ጓንትሽን ጣቶች ገልብጠሽ አራግፊ፤ የኔዋ የተገኘው እዚያ ነው።