ሳይጠሉን ለምን ያገሉናል?

ልጆቼ፣ አንዲት ወጣት «ማንም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ ግን ከእነሱ አንዷ አይደለሁም። ሳይጠሉኝ ለምን ያገሉኛል?» ብላ ጠይቃኛለች። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም እጽፋለሁ።

ለማግለል ጥላቻ የግድ አይደለም። ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው ሄንሪ ታይፌል ነው። ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ጦር ዘምቶ በጀርመኖች ተማረከ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ አብዛኛው ዘመዱ አልቆ ነበር። በኋላ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሆነ። ሐሳቡ ምንም ትርጉም ከሌለው ቡድን ተነስቶ ምክንያት እየጨመረ አድልዎ የት ላይ እንደሚጀምር ማየት ነበር።

በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል የ14 እና የ15 ዓመት ልጆችን ሰበሰበ። በአንዱ ሙከራ 48 ልጆች የሁለት ሠዓሊዎችን፣ የክሌንና የካንዲንስኪን፣ ሥዕሎች እያዩ የወደዱትን መረጡ። «የክሌ ወገን»፣ «የካንዲንስኪ ወገን» ተባሉ እንጂ የተመደቡት በዘፈቀደ ነበር። ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ሆኖ፣ በሰንጠረዥ ከተደረደሩ አማራጮች እየመረጠ፣ በገንዘብ የሚመነዘር ነጥብ ለሁለት ሰዎች ያከፋፍላል። ለራሱ አይወስድም፤ ስለ ተቀባዮቹም ከቡድናቸውና ከመለያ ቁጥራቸው በቀር የሚያውቀው የለም። በአንዱ ሰንጠረዥ አንድ ጫፍ ለወገኑ 19፣ ለሌላው 25 አለ፤ በሌላው ጫፍ ለወገኑ 7፣ ለሌላው 1። ልጆቹ ወደ ሁለተኛው ያዘነብሉ ነበር። ወገናቸው ነጥብ ቢቀርበትም ከሌላው መብለጡን መረጡ። ታይፌል ባዶ ነው ብሎ የተነሳበት መነሻ ላይ አድልዎው ቆሞ ጠበቀው።

ስለዚህ ክፉ ሰው ፍለጋ አትድከሙ፤ የሚከፋፈለውን ነገር እዩ። ስብሰባ መኖሩ ለማን ይነገራል? የማን ስህተት «ደክሞት ነው» ይባላል? እናንተ ዛሬ ሰውን ከቴሌግራም ግሩፕ ማስወጣት እንደ ቀላል ነገር ታዩታላችሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኪፕሊንግ ዊሊያምስና ባልደረቦቹ፣ ሌሎቹ ኳስ ሲቀባበሉ አንዱ በሚነፈግበት የኮምፒውተር ጨዋታ ባደረጉት ሙከራ ግን፣ ኳስ የነፈጓቸው ሰዎች ሳይሆኑ ኮምፒውተር መሆኑ አስቀድሞ የተነገራቸው እንኳ ተጎድተዋል።

አንድ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን አይፈታውም፤ ፉክክር ካለበት ያብሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤልየት አሮንሰን በ1971 በአሜሪካ በኦስቲን ከተማ፣ ጥቁር፣ ነጭና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ገና በተቀላቀሉባቸው የመማሪያ ክፍሎች የሞከረው ይሻላል። አምስት ስድስት ልጆች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ ትምህርቱ ተቆራርጦ ለእያንዳንዱ አንድ ክፍል ይደርሰዋል። ተመሳሳይ ክፍል የደረሳቸው መጀመሪያ ተገናኝተው አብረው ያጠናሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ለየቡድናቸው ያስረዳሉ። ፈተናው ከሁሉም ክፍል ስለሚወጣ የማንም ድርሻ አይናቅም። የመሃሉን ጥናት የዘለለ መምህር ደካማውን ልጅ ሳይዘጋጅ ያቀርበዋል፤ ጓደኞቹም «አይችልም አላልንም?» ይላሉ።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ ቡድኑን በጅምላ አታነጋግሪ። አንዷን ለይተሽ ያዢና «ከዚህ ሥራ ይህን ክፍል እኔ ልያዘው» በያት፤ የያዝሽው ክፍል ደግሞ ያላንቺ ሥራው የማያልቅበት ይሁን። ስድብ ወይም ዛቻ ካለ ግን ይህን ሁሉ ተዪና ለኃላፊ አመልክቺ።