ከፋሲካ በኋላም ወደ ሥጋና ወተት ላለመመለስ

«በግ ሲታረድ ማየት አልቻልኩም፤ ከእንግዲህ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ብቻ ልበላ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሽ ከደብረ ብርሃን ለጠየቅሽው እህቴ፦

ምክንያትሽ በቂ ነው፤ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ዋናው ጥንቃቄ ቫይታሚን ቢ12 ነው። የሁዳዴ 55 ቀን ሲያልቅ ስለሚፈሰክ ጉድለቱ አይታይም። ከሽሮም ከጎመንም ግን አይገኝም። ጉበት ያጠራቀመው ዓመታት ሊያቆይ ስለሚችል «ምንም አልሆንኩም» ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ ድካምና የእጅ እግር መደንዘዝ ኋላ ይመጣል፣ የዘገየ የነርቭ ጉዳትም ላይድን ይችላል። በቀን 10 ማይክሮግራም፣ ወይም በሳምንት አንዴ 2000 ማይክሮግራም ክኒን ውሰጂ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ መጠኑን ከሐኪም ጋር ተነጋገሪ።

ብረት ከምስርና ከባቄላ ይገኛል፤ ወጡ ላይ ሎሚ ጭመቂበት። ቡናውን ግን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቂው፣ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል።

ሽሮ ሲሰለችሽ ስልጆ ሥሪ፤ የባቄላ አገር ላይ ነሽ። ሱፉን አመስ አድርገሽ ውቀጪ፣ በውሃ በጥብጠሽ አጥልዪ። የባቄላ ዱቄቱን በቀዝቃዛው የሱፍ ውሃ በጥብጠሽ ጣጂ፤ በፈላ ውሃ ላይ ከነሰነስሽው ይጓጉላል። እስኪወፍር ሳታቋርጪ አማስዪ። ሰናፍጩን ጨምረሽ የምትከድኚው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ትኩስ ላይ ከገባ የማቃጠል ኃይሉ ይጠፋል፣ መኮምጠሙም ይሰናከላል። የደጋ ብርድ ስለሚያዘገየው ምድጃ አጠገብ አስቀምጪው፣ ለጥቂት ቀናት እየቀመስሽ ጠብቂ።