አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ

ውድ ልጆቼ፣

ለ34 ዓመታት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ቁጥር ግን ዛሬም እንቅልፍ አይወስደኝም። ስልኩ ይጮኻል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ልጁ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። «መምህር፣ እባክዎ አንድ ነገር ይበሉልን» ይሉኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሩን ዘግቶ ለተኛው ልጅ ነው።

የ2014 ዓ.ም. ፈተና ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው በጥቅምት 2015 ሲሰጥ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ የ2015 ፈተና ከ845,099 ተማሪዎች 27,267 አለፉ። በ2016 ያለፉት ድርሻ ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አላባራም። አንዱ ፈተናው ይቅር ይላል፤ ሌላው ማለፊያው ነጥብ ይውረድ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ትውልዱን ይረግማል።

እኔ ፈተናው ይኑር ከሚሉት ወገን ነኝ። አባቴ ገበሬ ነበር። በከተማው ውስጥ ስማችንን የሚያውቅ አንድም ሹም አልነበረንም። ማትሪክ የተፈተንኩት በ1975 ዓ.ም. ነው። ውጤቱ መጥቶ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በመካከል እየተሹለከለክሁ ቁጥሬን በጣቴ ፈለግሁ። በዚያ ወረቀት ላይ የአባቴ ሥራ አልተጻፈም። የጫማዬ መቀደድም አልተጻፈም። መለያ ቁጥርና ፊደላት ብቻ ነበሩ። ወረቀቴን ያረመው አያውቀኝም ነበር፤ አለማወቁ ነው ያሳለፈኝ። ዘመድ የሌለው ልጅ እንዲህ ያለ በር ሌላ የት ያገኛል?

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በኮሮና ጊዜ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኤስኤቲ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ግዴታ መሆኑን አስቀርተው ነበር። ፈተናው የሚጠቅመው አስጠኚ መቅጠር ለሚችል ቤተሰብ ነው የሚለው ወቀሳ ሐሰት አልነበረም። ሆኖም ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሐርቫርድ ደግሞ በ2024 ፈተናውን መልሰው ግዴታ አደረጉት። በደካማ ትምህርት ቤት የምትማር ጎበዝ ልጅ ችሎታዋን የምታሳይበት መንገድ እንዳይጠፋ ነው ያሉት። ነገሩ ገብቶኛል። ያማረ የማመልከቻ ድርሰት የሚያርምለት ሰው የሌለው ልጅ ምን ይዞ ይቅረብ?

ስርቆቱ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። እኔ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ከተማ ፈታኝ ሆኜ ያየሁትን ነው። የሒሳብ ፈተና ነበር። አንዲት ልጅ የጥያቄውን ወረቀት ሳትገልጥ የመልስ መስጫውን ታጠቁራለች። እርሳሷ ለአፍታ አልቆመም። ግራ መዳፏ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተደረደሩ ፊደላት ነበሩ። ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ አንዱን ጥያቄ ሠርቶ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና ሠርቶ፣ በላጲስ ብዛት ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ለጣቢያው ኃላፊ ስነግረው «መምህር፣ የወረዳችንን ልጆች አይጣሉብን» አለኝ። ዝም አልኩ። ያ ልጅ ከዚያች ልጅ በታች ሆኖ ቦታውን አጥቶ ከሆነ፣ ከነጠቁት መካከል እኔም አለሁበት። ልጆቼ፣ መልስ ተሸጦ ሲመጣላችሁ ሌላ ምንም ባትሉ፣ ያን ላጲስ የያዘውን ልጅ አስቡልኝ።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲዛወር ያለፉት 3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸው ብዙ ሰው ያስደነገጠው ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ የሰነፉ መስሎት ነው። እኔ አልደነገጥኩም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በነበረው ዓመት አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ጻፍኩ። 62 ተማሪዎች ነበሩ። በግማሽ ሉክ ሠርተው እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። 41ዱ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው ሁለት አምስተኛ ብለዋል። «ግማሽ ዳቦ ይዣለሁ፤ ሲሶ ጨመራችሁልኝ። እንዴት ከግማሽ አነሰብኝ?» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀን የለም» አለኝ።

እነዚያ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። አምስተኛ ክፍል ላይ የተቋረጠባቸውን ክር ማንም ሳይቀጥልላቸው ከክፍል ክፍል ያዛወርናቸው እኛ ነን። የ2015 ፈተና ሲታረም፣ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ1,328 ትምህርት ቤት ውስጥ አንድም ጎበዝ ልጅ የለም ብሎ የሚያምን ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

በፈተናው ላይ ቅሬታ የለኝም ማለቴ አይደለም። የ12 ዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት መወሰኑ ከባድ ነው። ያ ሁሉ ፊዚክስና ኬሚስትሪ በምርጫ ጥያቄ ብቻ መለካቱም ያሳዝነኛል። የትምህርት ቤት ውጤት አብሮ ቢታይ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ካርድ ላይ የተጻፈውን 95 ዛሬ ማን ያምነዋል? ያረከስነው እኛው መምህራን ነን። ያ እስኪታደስ ድረስ ከፈተናው የተሻለ የጋራ መለኪያ በእጃችን የለም።

አንተ በሩን የዘጋኸው፣ ውጤትህን እንደገና ክፈተው። ድምሩን ተወውና የትምህርት ዓይነቶቹን አንድ በአንድ ተመልከት። የትኛው ላይ ነው የተቋረጠብህ? ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ? ይህን ማንም ካንተ በላይ አያውቅም። ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ከደረሰህ ሳታፍር ግባ። ካልደረሰህም በግል ተፈትነህ ልትሞክር ትችላለህ፤ ሙያ መማርም እንደ ቅጣት አይታይ። ያለፍሽው ደግሞ እንኳን ደስ ያለሽ፤ አንድ ወንበር ላይ አብሮሽ የተቀመጠውን ግን ደውለሽ ጠይቂው።

ባለፈው ክረምት በሒሳብ ከመቶ 19 ያመጣ የጎረቤቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ መጣ። መጽሐፉን ዘግቼ ከአምስተኛ ክፍል ጀመርን። ተናደደ፤ መናደዱን ሳልነካው ዳቦ ቆረጥን። በሦስተኛው ቅዳሜ ብቻውን ሁለት ሬክታንግል ስሎ እያንዳንዱን ስድስት ቦታ ከፈለ፤ በአንዱ ሦስት፣ በሌላው ሁለት አጠቆረ። ቆጠረና አምስት ስድስተኛ ብሎ ጻፈ። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ተመለከተ።

«ለሰባት ዓመት ስፈራው የነበረው ይህን ነው?» አለኝ።

አሁን እኩልዮሽ ላይ ደርሰናል።