የቡና ችግኝ ከነፕላስቲኩ ይተከላል?

ጥያቄ፦ ማና ወረዳ የቡና ችግኝ አፈላለሁ። ክረምት መጥቶ ተከላው ሲያልቅ የተቀደደው ጥቁር ፕላስቲክ ማሳው ዳር ይከመራል፤ ስናቃጥለው ደግሞ ጭሱ ልጆቹን ያስላቸዋል። ባክቴሪያ ከቡና ገለፈት የሚበሰብስ ፕላስቲክ ይሠራል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ከሆነስ ችግኙን ከነፕላስቲኩ መትከል ይቻላል?

መልስ፦ እውነት ነው፤ አዲስም አይደለም። ሞሪስ ለሟኝ የሚባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ይህን ነገር ባክቴሪያ ውስጥ ማግኘታቸውን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ስሙ ፖሊሃይድሮክሲቡቲሬት ነው፤ እኛ ፒኤችቢ እንለዋለን።

ለባክቴሪያው ስቡ ማለት ነው። ስኳሩ ተትረፍርፎ ናይትሮጅን ወይም ፎስፈረስ ሲያጥረው መራባቱን ይተውና ትርፉን ለክፉ ቀን ያከማቻል። ኩፕሪያቪደስ ኔካተር የተባለው ዝርያ ሲደርቅ ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ይኸው ስንቅ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጅማ ተማሪዎቼን ሱዳን ብላክ በሚባል ማቅለሚያ አስነክሬ በማይክሮስኮፕ አሳያቸዋለሁ፦ ሮዝ በሆነው ባክቴሪያ ሆድ ውስጥ ጥቋቁር ፍሬዎች ታጭቀው ይታያሉ። ሁሌም አንዱ ቀና ብሎ «ይሄ ነው ፌስታል የሚሆነው?» ይለኛል። አዎ፣ ይሄ ነው። ባክቴሪያው ተፈርክሶ ፍሬው ተለይቶ ሲደርቅ 175 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ቅርጽም ይይዛል። ብቻውን ግን ተሰባሪ ስለሆነ ለስስ ከረጢት ከሌላ ጋር መዋሃድ አለበት።

ገለፈቱ ስኳር አለው። ነገር ግን ካፌይኑና ታኒን የተባለው መራራ ነገር ባክቴሪያውን ስለሚያውኩት አስቀድሞ መታከም ይፈልጋል። ከዚህ የከበደው ወቅቱ ነው፦ የእሸት ቡና መፈልፈያዎቻችን የሚሠሩት በዓመት ጥቂት ወራት ነው፤ ገለፈቱም ሳይውል ሳያድር ይቦካል። ፒኤችቢ የሚሠራ ፋብሪካ ቢኖር የቀረውን ጊዜ ምን ይበላል? የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስ ይሆናል መልሱ። ዋጋውም ገና ከነዳጅ ከሚሠራው ፕላስቲክ በላይ ነው።

ከነፕላስቲኩ ስለመትከሉ ግን አልመክርዎትም። ፒኤችቢን የአፈር ተሕዋስያን በልተው ይጨርሱታል፤ ታዲያ ችግኝዎ መደብ ላይ ወራት ውሃ እየጠጣ ሲቆይ ከረጢቱ እዚያው መበስበስ ሊጀምር ነው። ወፈር ተደርጎ ቢሠራ ደግሞ ዋናው ሥር ታጥፎ ይጠመጠማል። እናቴ ችግኝ ስትተክል ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃ፣ የተጣመመ ሥር ካየች ጫፉን ቆርጣ ነበር ጉድጓድ ውስጥ የምታስገባው። እኔም እጄ የለመደው ያንን ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «የሚበሰብስ» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ፒኤችቢ አይደለም፤ ተራ ፕላስቲክ ሆኖ ፀሐይ እንዲያደቀው መድኃኒት የተጨመረበትም አለ። ሊገዙ ሲያስቡ የት፣ በስንት ጊዜ እንደሚበሰብስ ይጠይቁ። ቁራጩን እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብረው ከወራት በኋላ ያውጡት፤ ብጥስጥሱን ካገኙ በስብሷል ብለው አይመኑ። እስከዚያው የያዙትን ፕላስቲክ አያቃጥሉት። ችግኙን በደንብ አጠጥተው ጎን ጎኑን ጫን ጫን ሲያደርጉት አፈሩ ሳይፈርስ ሾልኮ ይወጣል፤ ያልተቀደደውን አጥበው ለከርሞ ያስቀምጡት።